ሳይወለድ የተኮሰው ካፒቴን

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ከገባሁ ጀምሮ አልተቀመጥኩም። ብቀመጥም ወንበሩ ከሥሬ እንደ አሮጌ ባጃጅ ይንቀጠቀጣል፤ ተነስቼ በር ላይ እቆማለሁ፣ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር። ምክንያቱ ልጄ ሰሚራ ናት። ሰሚራና ሁለት የክፍል ጓደኞቿ የሳሎኔን ወለል ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ነጭ ወረቀት ዘርግተው በጉልበታቸው እየዳኹ ይጽፋሉ። የታሪክ መምህራቸው ያዘዛቸው ነው፦ ከድሮ አሳሾች አንዱን ምረጡ፣ ከተወለደበት እስከ ሞተበት ዓለም ላይ ምን ምን እንደተፈጸመ ፈልጉ፣ በአንድ መስመር ደርድራችሁ ሐሙስ በወላጆች ቀን አቅርቡ። እነሱም ዓለም ላይ ሌላ አሳሽ ያለቀ ይመስል የመረጡት ያንን አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ህንድ የገባውን ፖርቱጋላዊ መርከበኛ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ስሙን በሰማሁ ቁጥር፣ ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ግራ ጆሮዬ ይግላል። እኛ በልጅነታችን ስሙ ምላሳችን ላይ አልቀመጥ ሲለን "ካፒቴኑ" እንለው ነበር፤ ዛሬም ካፒቴኑ ልበለው።

"አባ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ። እየረገጥክብን ነው እኮ!" አለችኝ ሰሚራ።

እውነቷን ነው። አንድ ንጉሥና ሁለት ጦርነት ረግጬ ነበር።

ወረቀቱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የጣለኝ ሽታው ነው። የገዙት ማጣበቂያ አለቀና ከጓዳ ዱቄት በውሃ አፍልተው አመጡ፤ ያ ሙቅ፣ ትንሽ ያረረ የዱቄት ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ሠላሳ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ጎተተኝ። ያኔ ድሬ ሌላ ድሬ ነበረች፤ ወይም እኔ ሌላ ነበርኩ፤ አንዳችን ተቀይረናል። ባጃጅ የሚባል ገና አልተወለደም። ከባቡር ጣቢያው ከለገሀሬ እስከ ቀፊራ ገበያ በጋሪ ስሙኒ ነበር፤ ፈረሱ ካወቀህ ባለ ጋሪው ቢያንቀላፋም በርህ ድረስ ያደርስሃል። ሙቀቱስ? ዛሬ ሞቀ የሚሉ ሰዎች ያሳቁኛል፤ ያኔ እንቁላል የሚቀቀለው ገና ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ሳለ ነው። ጅቡቲ ሰኞ የታየ ሸሚዝ ማክሰኞ በባቡር ገብቶ ረቡዕ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ይንሸራሸራል። እኔም አበባ የፈሰሰበት ሸሚዝ ነበረኝ፤ ንብ ይከተለኝ ነበር ስል እስከ ዛሬ የሚያምነኝ አላገኘሁም። እግሬ ላይ ግን ኮንጎ ጫማ ነው፤ ቀትር ላይ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከሄድክበት ቀልጦ ቁጥሩ አንድ ይቀንሳል። መጋላ ስትገባ ከአንዱ ሻይ ቤት የሶማሊ፣ ከአንዱ የኦሮሞ፣ ከአንዱ የሐረሪ ዘፈን ከካሴት ይወጣል፤ በመሃል የሚያልፍ ሰው ከዚህም ከዚያም አንዳንድ ስንኝ እየለቀመ ቤቱ ሲደርስ የራሱን አራተኛ ዘፈን ይዞ ይገባል። እና ሙሸበክ! በስኳር ውሃ የራሰው ያ ጥምዝምዝ ጣፋጭ። ዛሬም ይሸጣል፤ ግን የዛሬው ጣትህ ላይ ተጣብቆ የሚቆየው እስክትታጠብ ብቻ ነው፤ የያኔው እስክትዳር ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዘመን፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን፣ የታሪክ መምህራችን ይህንኑ ሥራ አዘዘን። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ሥሩ አለ። እኔ፣ የባቡር ሠራተኛው ልጅ ተስፋዬ፣ እና ሂቦ ሆንን። ሂቦ የሐጂ ፋራህ ልጅ ናት። ሐጂ ፋራህ ከጅቡቲ ጨርቅ እያመጣ የሚያከፋፍል የሶማሌ ነጋዴ ነበር፤ ረጅም ከመሆኑ የተነሳ ሱቁ ውስጥ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ጣቃ ሳይንጠራራ ያወርዳል። ሂቦ ደግሞ ክፍሉን ሁሉ በቁጥር የምታስለቅስ ልጅ ናት። እኛ ጠመኔ እስክናነሳ እሷ መልሱን ተናግራ መስኮት መስኮቱን ታያለች። "አሥራ ሁለተኛን ሳልጨርስ አልሞትም" ትል ነበር፤ የሚገድላት ያለ ይመስል።

የሚገድላት ባይኖርም የሚወስዳት ነበር። አንድ ቀን እቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንሠራ ሐጂ ፋራህ መጥቶ ከላያችን ቆመ።

"ሂቦ፣ የጅቡቲው ሱቅ ሰው አጥቷል። አክስትሽ ብቻዋን ናት" አላት።

"ትምህርቴስ አባ?"

"ትምህርቱን መጥቼ አያለሁ። የወላጆች ቀን ነው ብለሻል አይደል? ከረባሽ ትቀጥያለሽ። ወረቀት ማበላሸት ብቻ ከሆነ ግን፣ ወላሂ፣ በማግስቱ ባቡር ላይ ነሽ።" ከዚያ ወደኛ ዞረ። "እናንተም ሰምታችኋል!"

ሰምተናል። ስለዚህ የሥራው ነገር የማርክ ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ የሂቦ ጉዳይ ሆነ። ሥራውን ተከፋፈልን። ሂቦ የካፒቴኑን ኑሮ ከቤተ መጻሕፍት የፈረንጅ መጽሐፍ ታወጣለች። ተስፋዬ በዚያው ዘመን በአገራችን የሆነውን ከአማርኛው የታሪክ መጽሐፍ ይለቅማል። እኔ፣ ምላሴ ረጅም ስለሆነ፣ በባህሩ በኩልና በሶማሌ ዳርቻ የሆነውን ሽማግሌ ጠይቄ አመጣለሁ። የምጠይቀው ሽማግሌ ቀፊራ ውስጥ ቅመም የሚሸጠው ኡስታዝ ኢድሪስ ነው። ጠዋት ልጆች ቁርአን ያስቀራል፣ ከዚያ ሄል ይመዝናል፤ ሄሉ ቆርቆሮ ውስጥ ደግሞ የአያቱ አያት የጻፉት የዓረብኛ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉን ሲከፍተው ግማሽ ቀፊራ ያስነጥሳል።

"ያ ካፒቴን ከህንድ ሲመለስ ሞቃዲሾ ላይ መድፍ ተኩሷል። ጻፍ፦ ዘጠኝ መቶ አራት" አለኝ። ሌላም ሌላም አስጻፈኝ። ስጨርስ እጄን ያዘኝ። "ይህ ቁጥር በሂጅራ አቆጣጠር ነው። ለጓደኞችህ ንገራቸው። ምን አልኩህ?"

"በሂጅራ ነው።"

"ድገመው።"

"በሂጅራ ነው አልኩህ እኮ ኡስታዝ!" ድሬ ላይ አንቱታ ብሎ ነገር የለም፤ ኡስታዙም አንተ ነው።

"ሦስተኛ።"

ሦስተኛም አልኩ። ከዚያ ወደ ሂቦ ቤት ስሄድ በደረቁ ደቻቱ ላይ የመጋላ ልጆች ከከዚራ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። መጋላ በረኛ አጥቷል፤ እኔ ቆምኩ። የኡስታዙን ወረቀት አጥፌ የግራው ቋሚ በነበረው ድንጋይ ሥር ከተትኩት። አሥራ አንድ ገባብኝ። የአሥራ አንደኛዋ ጎል ስታልፍ ሂጅራ የሚለውንም ይዛው አለፈች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው።

የማጣበቁም ሥራ የኔ ነበር። ያኔ እንደ ሰሚራ ነጭ ወረቀት ከየት ይመጣል? የሲሚንቶ ከረጢት ቀደን፣ ውስጠኛውን ቡኒ ወረቀት አራግፈን፣ በዱቄት ሙጫ ቀጣጠልነው፤ ሰባት ሜትር ወጣው። የኛ ቤት ከግድግዳ ግድግዳ ሦስት ሜትር አይሞላም። ስለዚህ እየለጠፍኩ እጠቀልላለሁ፣ እየጠቀለልኩ እለጥፋለሁ፤ ሙሉውን አንድ ላይ ያየ ሰው አልነበረም። ሁለቱ የሰጡኝን ቁራጭ ወረቀት ከኔው ጋር ቀላቅዬ በቁጥር ቅደም ተከተል፣ ትንሹን መጀመሪያ ትልቁን መጨረሻ፣ እንደ ታዛዥ አህያ ደረደርኩት። የፈረንጁን፣ የሀበሻውን፣ የሂጅራውን፤ ሦስቱንም አቆጣጠር በአንድ ገመድ አሰርኩ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ሐጂ ፋራህ የተተኮሰ ሽርጥ ለብሶ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተስፋዬ የወረቀቱን መጀመሪያ ይዞ ሰሌዳው ጋ ቆመ። እኔ ጥቅሉን አቅፌ እየዘረጋሁ ወደ በሩ ወደ ኋላዬ እሄዳለሁ። ሂቦ ከወረቀቱ ፊት ሆና ታነባለች፤ ድምጿ እንደ ባቡር ፉጨት ጥርት ያለ ነው።

"ዘጠኝ መቶ አራት። ካፒቴኑ ከህንድ ሲመለስ በሞቃዲሾ ከተማ ላይ መድፍ ተኮሰ።"

ሐጂ ፋራህ ራሱን ነቀነቀ። የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ሌሎቹን የኡስታዙን ቁጥሮች አልፌ ዘረጋሁ።

"አንድ ሺህ አራት መቶ ስድሳ ምናምን። ካፒቴኑ ፖርቱጋል ውስጥ ተወለደ።" ምናምን ያልነው መጻሕፍቱ ራሳቸው ስላልተስማሙ ነው።

ከዚያ ከኋላ አንዱ "ሳይወለድ ተኮሰ!" ብሎ ጮኸ። ሳቁ ከመስኮት ወጥቶ ቀፊራ ድረስ ተሰምቷል፤ ይህን ስናገር አላጋነንኩም።

"እናቱ ሆድ ውስጥ መድፍ ነበረው እንዴ?" አለ ሐጂ ፋራህ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሂቦ ፊቷ ቀላ። ወደፊት ይስተካከላል ብላ ይመስለኛል በፍጥነት ቀጠለች፤ ባሰበት። "አንድ ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሁለት። የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አገራችን ገቡ።" አንድ ክንድ ዘረጋሁ። "አንድ ሺህ አምስት መቶ አሥራ አምስት። መልእክተኞቹ ከአገራቸው ተነሱ።"

የተስፋዬ አባት ብድግ አለ። "ከመነሳቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ የሚደርስ! ወንድሞቼ፣ እንዲህ ያለ ባቡር ስጡኝና ዛሬውኑ ጡረታ ልውጣ!" ከወንበሩ የወደቀ ወላጅ ነበር። የኛ ባቡር ሲቀድም የሚዘገየው አንድ ቀን ነው።

ሂቦ ማንበብ አቆመች። ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። "ከየት ያመጣኸው ቁጥር ነው?" የሚል ዓይን ነው። በዚያች ቅጽበት ኡስታዙ፣ ሄሉ፣ ሦስት ጊዜ መደጋገሙ፣ ሁሉም መጣልኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ጥቅሉን ለቀቅኩትና በሩን ከፍቼ ሮጥኩ። የተጠቀለለ ወረቀት ባህሪው ታውቃላችሁ፤ ሰባቱም ሜትር እየተንከባለለ፣ ካፒቴኑን፣ መድፉንና መልእክተኞቹን ጠቅልሎ ሂቦ እግር ሥር ሄዶ ተኛ። መጨረሻው አንድ ሜትር፣ ካፒቴኑ የሚሞትበት፣ ሳይነበብ ቀረ።

የቀረውን ያየሁት በመስኮት ነው። ሐጂ ፋራህ ተነስቶ ወደ ፊት መጣ። ከዘራውን ጥቅሉ ላይ አሳርፎ "ይህቺ ዘጠኝ መቶ አራት የማን ናት?" አላት። ሂቦ ጣራውን አየች፤ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳውን በሁለት መስመር ለሦስት ከፈለችው።

"በሂጅራ ናት አባ። በፈረንጅ አንድ ሺህ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። በሀበሻ ዘጠና አንድ። ካፒቴኑ ያኔ ሰው ሆኗል።" የመልእክተኞቹንም አስተካከለች፤ መነሳታቸው በፈረንጅ፣ መድረሳቸው በሀበሻ ተጽፎ ኖሯል። እጇ ይጽፋል፣ አፏ ቀድሞ ይደርሳል። ሳቁ ሞተ። ሐጂ ፋራህ ይፈትናት ጀመር፦ እናቱ የሞተችበትን ረመዳን ጠየቃት፣ በሀበሻ ነገረችው፤ ሱቁን የከፈተበትን ጠየቃት፣ በፈረንጅ ነገረችው። ወላጆች ከየወንበራቸው የጋብቻቸውን ዓመት ይወረውሩላት ገቡ። መምህራችን በደስታ ሁለት ጣት ረዘመ። እኔም መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ "ዳነች!" አልኩ። ዳነች፣ ዳንኩ።

ሐጂ ፋራህ የመምህሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "ወላሂ ደህና አድርገህ አስተምረሃታል። ጅቡቲ ወረቀቱ በፈረንጅ ነው፤ እዚህ በሀበሻ ነው፤ ነጋዴው ቃሉን የሚሰጠኝ በሂጅራ ነው። ሦስት ሰው ቀጥሬ የማይስማሙልኝን ይህቺ ብቻዋን ጨረሰችው። ከዚህ በላይ ምን ቀረ?"

"ገና ሦስት ዓመት ቀርቷታል ሐጂ" አለ መምህሩ።

"ለምን?" አለ ሐጂ ፋራህ፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ትከሻዋን አቅፎ፣ በኩራት ቀና ብሎ ይዟት ወጣ። ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር። መምህሩ ለሦስታችንም አሥር ከአሥር ሰጠን፤ የሷን ውጤት ለባዶው ወንበር ነው ያነበበው።

እኔን የማያስቀምጠኝ ይኸው ነው። ቁጥሩን በትክክል አምጥቼ ቢሆን ኖሮ ሂቦ እንደማንም ልጅ አንብባ፣ እንደማንም ልጅ ተጨብጭቦላት ትገባ ነበር፤ አባቷም ደስ ብሎት ለቀጣዩ ዓመት ያስመዘግባት ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውን ያን ሦስት ምላስ ያለው ሚዛን አባቷ ለሱቁ እንዲመኘው አድርጎ ያሳየው የኔ ስህተት ነው። ደግሞ የአላህ ቀልድ፣ እኔ ዛሬ ትራንዚተር ነኝ። የነጋዴ ዕቃ ወረቀት ጉምሩክ ላይ አስጨርሳለሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የፈረንጅን ቀን ወደ ሀበሻ እገለብጣለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለሦስቱ ልጆች ቆሜ ስተርክ እስክሪብቷቸው ቆሞ ነበር።

"አሁን የት ናት?" አለች ሰሚራ።

"ታይዋን ገበያ" አልኩ፣ ምላሴ ቀድሞኝ።

"እዚህ? ድሬ?"

ስድስት ዓመቷ ነው ከጅቡቲ ተመልሳ የጨርቅ ሱቅ ከከፈተች። ከቢሮዬ ቤቴ በታይዋን በኩል በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በሳቢያን ሰፈር ዞሬ በግማሽ ሰዓት እገባለሁ። ካፒቴኑ እንኳ አፍሪካን ሲዞር ይህን ያህል አልዞረም።

ሰሚራ ወለሉ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። በጣቷ መስመሩን ተከትላ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቆመች። "አባ" አለች በቀጭን ድምፅ፣ "የኛም መልእክተኞች ሳይነሱ ደርሰዋል። ግማሹን ከስልክ ነው ያወጣነው፣ ግማሹን ከመማሪያ መጽሐፉ።"

"እኔ አስተካክልላችኋለሁ፤ ትራንዚተር አይደለሁ?"

"አንተ?" አለችና ጫማዋን አንስታ ወደ አንዱ ጓደኛዋ ዞረች። "ቢኒ፣ ባጃጅ ጥራ!"

ሂቦ ጨርቅ በክንዷ እየለካች ነበር። ወፍራለች፤ መነጽሯ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ሦስት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። ቀና ስትል ለይታኝ እንደሆነ ለማወቅ አልቸኮልኩም፤ እሷ ግን ቸኮለች።

"ወሪያ፣ አንተ ጀማል! በሳቢያን ስትዞር የባጃጁን ሂሳብ ማን ይችልልሃል?"

"ታውቂ ነበር?"

"የድሬ ባጃጅ ነጂ የማይነግረኝ ነገር አለ?"

ያዘጋጀሁት ቀልድ ነበረኝ፤ ከአፌ ግን ሌላ ወጣ። "ሂቦ፣ በሂጅራ ነው ብሎኝ ነበር። ኡስታዙ ሦስት ጊዜ አስደግሞኛል። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ዘግይቼ።"

ጨርቁን አስቀመጠች። "ሠላሳ አምስት በየትኛው?"

"በ... በሀበሻ።"

"በሂጅራ ሠላሳ ስድስት ነው። አሁንም አንድ ዓመት ሰረቅከኝ።" ሳቀች፤ ሳቋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ እጇም የጨርቁን ጫፍ ማጠፍ መዘርጋት ጀመረ። እኔም ወንበር ሰጥታኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም።

ልጆቹ ወረቀታቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉላት። መነጽሯን አደረገች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልእክተኞቹ ተነስተው ደረሱ፣ ካፒቴኑ ተወልዶ ተኮሰ፣ ከመስመሩ ሥር ለሀበሻና ለሂጅራ ሁለት መስመር ተጨመረ። ወደ መጨረሻው ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"እንዴት ሞተ?" አለች ሰሚራን። "እኛ እዚያ አልደረስንም።"

"ለሦስተኛ ጊዜ የአገሩን ንግድ ሊያስተካክል ህንድ ሄዶ ነው፤ በወባ። አገሩ አልተመለሰም።"

"ሱቁ ላይ ሞተ በይኛ" አለች ሂቦ ቀስ ብላ። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። "ይህቺን መጨረሻዋን ሐሙስ እኔ ባነባትስ?"

"በወላጆች ቀን?" ብዬ ጣልቃ ገባሁ፤ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ። "አንቺ እዚያ ልጅ የለሽ፤ በማን ወላጅነት ልትገቢ ነው?"

"በራሴ" አለች።

ልጆቹ ወረቀቱን ሲጠቀልሉ ቆማ አየች። ጥቅሉን ከሰሚራ እጅ ወሰደችና ደረቴ ላይ አስደገፈችው።

"ያን ቀን ጫፉን የያዘው ማን ነበር?"

"እኔ።"

"ሐሙስም አንተ ነህ። በሩ ላይ ሰሚራን አቆማለሁ።"

ዛሬ ማክሰኞ ነው። በየትኛውም አቆጣጠር ሐሙስ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ እኔ ግን ከአሁኑ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር ነኝ።